«ከውርስ ነቅዬዋለሁ» ከማለት በፊት

ረመዳን ሲገባ ወደ መስጂድ የሚመጣው ጥያቄ ይበዛል። አብዛኛው ስለ ፆም ነው፤ መርፌ ያስፈጥራል ወይ፣ ያለፈው ዓመት ቀዳ ያለባት ምን ታድርግ፣ ዘካተል ፊጥር መቼ ይውጣ። በየዓመቱ ግን ከተራዊህ በኋላ ጀመዓው እስኪበተን ጠብቆ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ጥያቄ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። «ሸኽ፣ አንዱን ልጄን ከውርስ መንቀል ፈልጌያለሁ። ወረቀቱ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ምክንያቱ ይለያያል። የአንዱ ልጅ ከተማ ከገባ ወዲህ ለአባቱ ደውሎ አያውቅም። የሌላው ልጅ አባቷ ያልወደደውን ሰው አግብታለች። የሦስተኛው ለንግድ የተሰጠውን ብር በጫትና በቁማር ጨርሶ አሁንም እጁን ይዘረጋል። የአራተኛው ልጅ ደግሞ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ጥፋቷ ሴት ሆና ሌላ ቤት መግባቷ ነው። አባትየው «የእኔ ቤት ለባዕድ አይሄድም» ይላል። ባዕድ የሚለው የልጅ ልጆቹን አባት ነው።

ሐዘናቸውን አልንቅም። ወላጅን ማስከፋት በሃይማኖታችን ከትላልቆቹ ወንጀሎች የሚቆጠር ነው፤ ልጁ አላህ ፊት ይጠየቅበታል። ይሁንና ለአራቱም አባቶች መልሱ አንድ ነው፤ አይችሉም። የልጅ፣ የሚስት፣ የባል፣ የእናትና የአባት ድርሻ በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 11፣ 12 እና 176 ተወስኗል። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተከትለው የሚመጡት አንቀጾች ድርሻዎቹን የአላህ ወሰን ብለው ይጠሯቸዋል፤ ወሰኑን ለሚተላለፍም ከባድ ማስጠንቀቂያ አላቸው። ልጅን ከአባቱ ውርስ የሚከለክሉትን ነገሮች ዑለሞች ቆጥረው አስቀምጠዋል፤ አውራሹን የገደለ አይወርሰውም፣ የሃይማኖት መለያየትም ውርስን ይቆርጣል። አለመደወል እዚያ ውስጥ የለም። ያለ አባት ፈቃድ ማግባትም የለም። ሴት መሆንማ ጭራሽ የለም።

ንብረቱ የእኔ አይደለም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። እስትንፋስዎ እስካለ ድረስ የእርስዎ ነው፤ ይብሉት፣ ይሽጡት፣ ሰደቃ ያድርጉት። ነፍስ ስትወጣ ግን ባለቤቱ ይቀየራል። ያኔ የሚከፋፈለው የሌላ ሰው ሐቅ ነው፤ በሌላ ሰው ሐቅ ላይ ደግሞ ማንም አይናዘዝም።

ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች ወደ ሁለተኛው መንገድ ይዞራሉ። «እንግዲያው በቁሜ ለታላቁ ልጅ በሽያጭ ላዛውርለት» ይላሉ። ገንዘብ ያልተቀባበሉበት፣ ስሙ ብቻ ሽያጭ የሆነ ወረቀት ማለታቸው ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ገይላን የተባለው የሰቂፍ ሰው በኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ሚስቶቹን ፈትቶ ሀብቱን በቁሙ ለወንዶች ልጆቹ አከፋፈለ። ዑመር ነገሩ ሲደርሳቸው ሚስቶቹንም ገንዘቡንም እንዲመልስ፣ እምቢ ካለ ሴቶቹን ራሳቸው እንደሚያወርሷቸውና መቃብሩም በድንጋይ እንዲወገር እንደሚያዙ ነገሩት። በወረቀት ደረጃ ገይላን ያደረገው ሁሉ የሚፈቀድ ነበር፤ ፍቺም ስጦታም ይፈቀዳል። ዑመር ያዩት ግን የታሰበበትን ነው።

የስጦታ ወረቀት ጽፎ ቤቱን ግን እስኪሞት በእጁ የሚያቆይም አለ። ለዚህኛው የአቡበክርን (ረ.ዐ) ነገር አስታውሳለሁ። በህይወታቸው ለልጃቸው ለእናታችን ዓኢሻ ከመሬታቸው ሃያ ወስቅ ተምር ሰጥተዋት ነበር። ሞታቸው ሲቃረብ ግን፣ ተምሩን ለቅመሽ ወስደሽው ቢሆን ኖሮ ያንቺ ነበር፣ ዛሬ ግን የወራሾች ሆኗል፣ ወንድሞችሽና እህቶችሽ አሉ አሏት። ያልተረከቡት ስጦታ ከሞት በኋላ ስጦታ አይሆንም። ከሰው ሁሉ አብልጠው ለሚወዷት ልጃቸው እንዲህ ካደረጉ፣ ለእኛ ልጆች የተለየ ደንብ አይወጣም።

በቁም የሚሰጥ ስጦታም ቢሆን ልክ አለው። የኑዕማን ኢብን በሺር አባት ለዚህ ልጃቸው ስጦታ ሲሰጡ፣ እናትየው ዐምራ ቢንት ረዋሃ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ካልመሰከሩበት አልቀበልም አለች። አባትየው ሄደው ቢጠይቁ፣ ለሁሉም ልጆችህ እንዲህ ሰጥተሃል ወይ ተባሉ። አልሰጡም። ነብዩ አልመሰከሩላቸውም፤ በልጆችህ መካከል አላህን ፍራ፣ ፍትሐዊ ሁን ተብለው ተመለሱ፣ ስጦታውንም መለሱት። ይህን ሐዲስ ይዘው ማመጣጠን ግዴታ ነው ያሉ ዑለሞች አሉ፤ የሚወደድ ነው ያሉም አሉ። የታመመ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ዕዳ የያዘው ልጅ ካለ ለእሱ ማብለጥን የፈቀዱም አሉ። የቁማርተኛው አባትም ከዚህ አንድ ነገር ያገኛል፤ በህይወት እያለ ለወንጀል የሚውል ብር መከልከል ይችላል፤ እንዲያውም ይገባዋል። ልጁ ንብረት መያዝ ጨርሶ የማይችል ከሆነም ድርሻውን የሚጠብቅለት ሰው በቃዲ ሊሾምበት ይችላል። ድርሻው ግን የእሱ ሆኖ ይቆያል።

የሀገሩ ሕግም ቢሆን ለቁጡ አባት እንደሚያስበው በሩን አልከፈተለትም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውርስ መንቀልን ያውቃል፤ በአንቀጽ 938 ግን ልጁን የሚነቅል ተናዛዥ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ አለበት፤ ምክንያቱ ለመንቀል ይበቃል አይበቃም የሚለውንም ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። ምክንያት ሳይጽፍ «ነቅዬዋለሁ» ብሎ የሞተ አባት ለልጆቹ የተወላቸው የክርክር መዝገብ ነው። ምክንያቱን የጻፈውም ቢሆን የልጁን ጉድ በችሎት እንዲነበብ ጥሎ ሄደ። በሁለቱም መንገድ ወንድማማቾቹ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ።

እንግዲህ መንቀሉን እንተወው። አባትና እናት በእጃቸው ያለው ሥራ ሌላ ነው፤ ጠቡን የሚያስቀረውም እሱ ነው። እኔ እንደማየው የውርስ ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከፈራኢድ ስሌት አይደለም። ስሌቱን ማንም ኡስታዝ በአንድ ወረቀት ይጨርሰዋል። ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቶ የሞተ ሰው ንብረቱ ስምንት ቦታ ይሆናል፤ ለሚስት አንድ፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ሁለት፣ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ። ቤቱ 8 ሚሊዮን ብር ከተገመተ ሚስት 1 ሚሊዮን፣ ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሚሊዮን፣ ሴቶቹ አንድ አንድ ሚሊዮን። እስከዚህ ጠብ የለም። ጠቡ ያለው ከስምንቱ በፊት ነው፤ ይህ 8 ሚሊዮን በእርግጥ የሟች ነበር ወይ?

ከሁሉም ይልቅ ሆዴን የሚበላኝ ከዓረብ ሀገር የተላከ ብር ነው። ልጅቱ ገና ለጋ ሆና ጂዳ ወይም ቤይሩት ወይም ኩዌት ትሄዳለች። ስምንት ዓመት፣ አሥር ዓመት በሰው ቤት ትሠራለች። ብሩን ለአባቷ ትልካለች፤ አባት ቦታ ይይዛል፣ ብሎኬት ይደረድራል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል። እሷ እዚህ ስለሌለች ካርታው በአባት ስም ይወጣል። አባት ሲሞት ቤቱ «የአባታችን ቤት» ይባላል። ወንድሞቿ ሁለት ሁለት እጅ ይወስዳሉ፤ እሷ በገዛ ላቧ ከቆመው ቤት አንድ እጅ ይደርሳታል። አንድም ቀን ብሎኬት ያልገዛው ወንድም ቁርኣን ጠቅሶ ነው እጥፉን የሚወስደው። በማካፈሉ ላይ ስህተት የለም፤ ስህተቱ ያልነበረን ንብረት ውርስ ማለቱ ላይ ነው።

ያ ብር ከሦስት አንዱ ነው። ለወላጅ የተሰጠ ስጦታ ከነበረ የአባት ሆኗል፤ ሁሉም ይወርሰዋል። ብድር ከነበረ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ከውርስ በፊት ይከፈላል። ቤት ሥሩልኝ ተብሎ የተላከ አደራ ከነበረ ደግሞ ቤቱ ድሮም የአባት አልነበረም። ከሦስቱ የትኛው እንደነበር የሚያውቁት ላኪዋና ተቀባዩ ብቻ ናቸው። ተቀባዩ ሲሞት የእሷ ቃል ብቻ ይቀራል፤ ያንንም «ለአባትሽ የላክሽውን ትቆጥሪያለሽ?» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያፍኑታል።

ስለዚህ በረመዳን ደውላ «እንኳን አደረሳችሁ» ስትል አባት ይጠይቃት። ልጄ፣ ይህ ብር ምንድን ነው? ስንት ላክሽ? ለምን ብለሽ ላክሽ? መልሷ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ ምስክር ይኑርበት። አደራ ከሆነ በኤምባሲ በኩል ውክልና ልካ ካርታው በስሟ ይዙር። ስጦታ ነው ካለችም ይጻፍ፤ ያኔ ወንድሞቿም አይጠረጠሩም። ከብድር ጋር የተያያዘው የሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ጻፉ እያለ ነው የሚዘልቀው። በአባትና በልጅ መካከል መጻፍ ነውር ነው የሚለውን ከየት እንዳመጣነው አላውቅም።

ከአባቱ ጋር ሱቅ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የቆመ ልጅም እንዲሁ ነው። ተቀጣሪ ነው? ሸሪክ ነው? ወይስ እየበላ እየጠጣ አባቱን ያገዘ ልጅ? አባት ካልተናገረ፣ ልጁ ሱቁን «እኔ ነኝ ያቆምኩት» ይላል፤ ሌሎቹ «ደሞዝህን በልተሃል» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ደሞዝ ከሆነ ይቆረጥለት፣ ሸርካ ከሆነ እጁ በመቶ ስንት እንደሆነ ይጻፍ።

ስለ ሚስትም እንዲሁ መነጋገር ያስፈልጋል። ወርቋን ሸጣ መሠረት ያስወጣች፣ በጉሊት ንግዷ ልጆች ያስተማረች እናት ባሏ ሲሞት «ስምንተኛሽን ያዢ» ትባላለች። ስምንተኛው እኮ ከባሏ ንብረት ነው፤ የራሷ ከዚያ በፊት ወጥቶ ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራን ንብረት እንደ ጋራ ይገምተዋል። በሸሪዓ ደግሞ የሚስት ገንዘብ የሚስት ነው፤ ባል በስሙ ስላስመዘገበው አይበላውም። ያልተከፈለ መህርም ዕዳ ነው። ስንቱ ነው መህር እንዳለበት ሳያስታውስ የሚሞተው!

ከዕዳና ከከፈን ወጪ በኋላ፣ ከውርሱ በፊት፣ ሰው በነፃነት የሚናዘዝበት አንድ ሦስተኛ አለለት። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) መካ ታመው ሳሉ አንዲት ልጅ ብቻ ስለነበረቻቸው ሁለት ሦስተኛውን ሰደቃ ላድርግ ብለው ነብዩን ጠየቁ፤ አይሆንም ተባሉ። ግማሹንስ ቢሉ አሁንም አይሆንም። ሲሶ ሲሉ፣ ሲሶም ብዙ ነው ተባሉ፤ ወራሾችን ሰው እጅ የሚያዩ አድርጎ ከመተው ባለ ሀብት አድርጎ መተው እንደሚሻልም ተነገራቸው። ይህ ሲሶ ለወራሽ አይናዘዙበትም፤ ሌሎቹ ወራሾች ከሞት በኋላ ካልፈቀዱ በቀር። ይሁንና የሚሆንለት ብዙ ሰው አለ። አባታቸው ከአያታቸው በፊት የሞተባቸው የልጅ ልጆች፣ አጎቶቻቸው በህይወት ካሉ በፈራኢድ አይወርሱም። ግብፅ በ1946 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሕግ ቁጥር 71 ለእነዚህ ልጆች ግዴታ የሆነ ወሲያ የደነገገችው ለዚህ ነው። እኛ ጋ አያትየው ራሱ ካልጻፈላቸው የሚያስታውሳቸው የለም። በማደጎ ያሳደጓት ልጅም በስም እንጂ በውርስ ልጅ አይደለችም፤ ሲሶው ግን ይደርስላታል። በወሎም ሆነ በሌላው ሀገራችን እናቱ ወይም ወንድሙ ክርስቲያን የሆነ ሙስሊም ብዙ ነው፤ እነሱንም በዚህ ሲሶ ማሰብ ይቻላል። የሚገርመኝ፣ ይህን በር ከፍቶ የሚገባው ሰው ጥቂት ነው፤ የተዘጋውን የመንቀል በር የሚያንኳኳው ግን ብዙ።

አጻጻፉን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ሰዎች «ለኢማሙ ነግሬዋለሁ» ብለው ልባቸውን ያሳርፋሉና። የኢማም ጆሮ መዝገብ ቤት አይደለም። ኢማሙም ይሞታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ራስዎ በእጅዎ የጻፉት ኑዛዜ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ በሰባት ዓመት ይፈርሳል። የቃል ኑዛዜ ደግሞ ተናዛዡ ከተረፈ ሦስት ወር ብቻ ነው ዕድሜው። ይህን ያላወቀ ሰው በሸሪዓው ደንብ በትክክል ተናዞ በቅርጹ ጉድለት ሊወድቅበት ይችላል። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ከነብዩ ከሰሙ ወዲህ፣ ኑዛዜያቸው ሳይኖር አንድ ሌሊትም አላደሩም። እኛ ሃያ ረመዳን እናልፋለን። ብዙዎቻችን በዚህ ወር ዘካ ለማውጣት ንብረታችንን እንቆጥራለን፤ ያለን ብር፣ ያለብን ዕዳ፣ ሰው ላይ ያለን ሁሉ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ያንኑ ወረቀት ገልብጦ ከጀርባው ኑዛዜውን መጀመር ነው።

ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ውርስንና ኑዛዜን ያያሉ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እንዳስቀመጠው ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ፈቃድ የሚለውን ቃል ወንድሞች ቢያስተውሉት እወዳለሁ። እህትን «ካልፈቀድሽ ከሃዲ ነሽ» ብሎ አስፈራርቶ ማስፈረም ፈቃድ አይደለም። እጥፍ ድርሻ የሚጠይቅ ወንድም እጥፍ ሸክምም አለበት፤ እናቱን፣ ያላገባች እህቱን፣ ባሏ የሞተባትን ማን ይቀልባል? ድርሻውን ሲወስድ የቁርኣን ሰው፣ ቀለቡ ሲመጣ የዘመኑ ሰው የሚሆን ወንድም አለ። እህቱ ሃይማኖቱን የምትጠላው በእሱ ምክንያት ነው።

ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ሚስት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ነብዩ የመጣችው፣ አጎታቸው የሟቹን ገንዘብ በሙሉ ስለወሰደው ነበር። የውርስ አንቀጽ ወረደ፤ አጎትየውም ሁለት ሦስተኛውን ለልጆቹ፣ ስምንተኛውን ለእናታቸው እንዲሰጥ ታዘዘ፤ ለእሱ የተረፈው ቀረለት። የውርስ አንቀጽ የሴት ልጅን እጅ ለማስገባት የወረደ መሆኑን ሰው ይረሳዋል።

ዛሬ አጎቱን ተክቶ የሚመጣው ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚባለው «ተይለት» ነው። ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እህቶች በወንድሞቻቸው ፊት ተቀምጠው «ለወንድሞቻችሁ ይቅር በሉ» ይባላሉ። ባይሉ ዘመድ ያጣሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው «ይቅር» ይላሉ። ይህ በይሉኝታ የተወሰደ ገንዘብ ነው። ወራሾች በፈቃዳቸው መተዋወቅ፣ አንዱ ድርሻውን በሌላ ነገር መለወጥ በሸሪዓ የታወቀ ነው፤ ቤቱን ለእናታቸው መኖሪያ ሊያቆዩት፣ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ ሊገዛቸው ይችላል። ግን ድንኳን ውስጥ አይደረግም። በእንዲህ ያለ ሽምግልና ላይ ስጠራ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ ተሰልቶ ይነገራት፣ ቤት ከሆነ በስሟ ይጻፍ፣ ብር ከሆነ በባንክ ደብተሯ ይግባ። ሁለት ሦስት ወር ይቆይ። ከዚያ በኋላ ከራሷ ቤት ተነስታ «ለወንድሜ ልስጠው» ብላ ከመጣች፣ ወረቀቱን እኔው ራሴ እመሰክርላታለሁ።